ሁለት ታክሲ ስንት ብር ነው? የአዲስ አበባን የቤት ኪራይና የሥራ ጉዞ በኤክሴል የማስላት መመሪያ

አዲስ አበቤ ርቀትን በኪሎ ሜትር አይቆጥርም። "ጀሞ ይርቃል?" ብትሉት "ሁለት ታክሲ ነው" ይላችኋል። መልሱ ያ ነው። ኪሎ ሜትሩን ቢያውቀውም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም አይጠቅማችሁም።

የየሰፈሩን ኪራይ ከጉዞ ወጪው ተነሥቶ የሚገምት የመጀመሪያ የኤክሴል ሞዴሌን ስሠራ ይህን ረስቼው ነበር። ከመስቀል አደባባይ እስከ እያንዳንዱ ሰፈር ያለውን ርቀት ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ለካሁ። ቀመሩን አስገባሁ። ውጤቱን አትሜ ካዛንቺስ የማውቀው ደላላ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከቦሌ እኩል ኪራይ ማውጣት አለበት ይላል። ደላላው ወረቀቱን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። "አንተ ግን ማታ ወደ ፈረንሳይ ታክሲ ተሰልፈህ ታውቃለህ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ከሥር ጀመርኩ። ይህ መመሪያ ሁለተኛው ሙከራዬ ነው ማለት ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ ኤክሴል ያለው ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ሁለት ሦስት ሳምንትና የማይጎዳ ጫማ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ የካርታ ፕሮግራም የምትችሉ ከሆነ ሥራው ይቀልላችኋል። ካልቻላችሁም አይቀርባችሁም።

ሐሳቡ በአጭሩ

ነገሩ አሮጌ ነው። ጀርመናዊው ፎን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 የእርሻ መሬት ዋጋ ከገበያ በራቀ ቁጥር ለምን እንደሚወርድ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዊልያም አሎንሶ ያንኑ ሐሳብ ወደ ከተማ አመጣው። ሰው ቤት ሲከራይ ሁለት ሒሳብ ይከፍላል፤ አንዱን ለአከራይ፣ ሌላውን ለመንገድ። መሀል ከተማ የሚኖር ለአከራይ ብዙ ይከፍላል፣ ለመንገድ ጥቂት። ዳር የሚኖር የተገላቢጦሽ። ኪራዩ የሚረጋው ሰው "ብቀይርም ያው ነው" ሲል ነው። ስለዚህ የሥራው ሁሉ አከርካሪ ይህች መስመር ናት፦

የካሬ ሜትር ኪራይ ልዩነት × የቤቱ ስፋት = የወር ጉዞ ወጪ ልዩነት

ይህቺን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፏት።

ችግሩ ቀመሩ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይገምታል። ሥራ ሁሉ አንድ ቦታ ነው፤ መሬት እንደ ሽንኩርት ይሸጣል ይገዛል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መጓጓዣ ይሄዳል። አዲስ አበባ ሦስቱም የሉም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በግል አይሸጥም። ከተማ ውስጥ ቦታ የሚሰጠው በሊዝ ነው፤ አዋጁ 721/2004 ነው። በዚህ ላይ የቀበሌ ቤት አለ። የዘርፉ መጻሕፍት ድሃ ዳር ይኖራል ወይ ደግሞ ጠባብ ቤት ውስጥ ይታጨቃል ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን ድሃው የከተማዋ ውድ መሬት ላይ፣ በጣም ትንሽ ኪራይ እየከፈለ አሥርት ዓመታት ኖሯል። ይህን ሳትለዩ ቁጥር ብታስገቡ ሞዴሉ ያብዳል።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"የአዲስ አበባን የመሬት አጠቃቀም ማጥናት" ጥያቄ አይደለም። "ከፒያሳ የተነሣ ቤተሰብ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ቢገባ በወር ስንት ብር ይጨምርበታል?" ጥያቄ ነው። "ሜክሲኮ ያለው ሰልፍ በ10 ደቂቃ ቢያጥር የጀሞ ኪራይ ምን ይሆናል?" ይህም ጥያቄ ነው። ጥያቄው ብር ወይም ደቂቃ ከሌለው እንደገና ጻፉት።

2. ከተማዋን በታክሲ ተራ ክፈሉ

ብዙ ሰው በወረዳ ይከፍላል፣ መረጃው በወረዳ ስለሚገኝ። እኔ አልወደውም። የወረዳ ድንበር የአስተዳደር ድንበር ነው፤ ተሳፋሪ አያውቀውም። ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ የሚሄደው ወደ ተራ ነው። ስለዚህ የቀጠናችሁ እምብርት ተራው ይሁን፦ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ ካዛንቺስ፣ ሳር ቤት፣ ጎተራ፣ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ። ከ25 እስከ 40 ቀጠና ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ እናንተው ትጠፋላችሁ።

ለእያንዳንዱ ቀጠና የሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ወርልድ ፖፕ የሚባለው ነፃ መረጃ ሕዝብን በ100 ሜትር በ100 ሜትር ካሬ ገምቶ ያስቀምጣል። እሱን ከቀጠናችሁ ጋር አጋጥሙት፣ ከዚያ ቢያንስ አምስት ቀጠና ላይ በዓይናችሁ አረጋግጡ። የፈረሰ ሰፈር ላይ ሰው ሊቆጥርላችሁ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አካባቢ ምን ያህል እንደተቀየረ የማያውቅ የለም።

3. ሥራው የት ነው?

አንድ ማዕከል አትውሰዱ። ቢያንስ አምስት ያዙ፦ መርካቶ ለንግድ፣ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ያለው ለባንክና ለቢሮ፣ ካዛንቺስ፣ ቦሌ፣ እንዲሁም አቃቂ ቃሊቲ ለፋብሪካ። የሥራውን ብዛት ማግኘት ካቃታችሁ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተራው ላይ ቁማችሁ የሚወርደውን ሰው ቁጠሩ። ፍጹም አይሆንም፣ ግን ክብደቱን ያሳያችኋል። አምስቱን ደምራችሁ እያንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደሆነ መዝግቡ።

4. የጉዞ ወጪ፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

ጊዜያችሁን ግማሹን እዚህ አጥፉ። የጉዞ ወጪ ማለት የኪስ ብር ብቻ አይደለም። ጊዜም ነው። ጊዜው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ እየነካኩ የሚያልፍ 20 ደቂቃና ዝናብ ላይ ተሰልፎ የሚያልፍ 20 ደቂቃ እኩል አይመርም። በዘርፉ የተለመደው የጥበቃን ጊዜ በሁለት ማባዛት ነው።

ሰልፉን እንዴት ትለካላችሁ? ቀላል ዘዴ አለ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ሂዱ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አሁን የደረሰ አንድ ሰው በዓይናችሁ ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴት ያዝኩ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ሚኒባስ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። ተራ አስከባሪው ሰልፉን አስጠጋው። ቀጥሎ ሃይገር መጣ፣ ግማሹን ሰልፍ ጠራረገ። ጃንጥላዋ ከበሩ ስትገባ ሰዓቱን ጻፍኩ። አለቀ። በአንድ ማታ ሦስት አራት ሰው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጃንጥላ በጣም ይረዳል፤ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው አትያዙ፣ ይጠፋባችኋል። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በበዓል ዋዜማና ከባድ ዝናብ ባለበት ቀን የለካችሁትን ለብቻ አስቀምጡ።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የለካችሁትን ትተካላችሁ። አንድ ሰው ጀሞ ይኖራል፣ መርካቶ ይሠራል። እስከ ተራው በእግር 10 ደቂቃ፣ ሰልፍ 20፣ እስከ ሜክሲኮ ታክሲ 35፣ ሜክሲኮ ላይ ሌላ ሰልፍ 10፣ እስከ መርካቶ 15፣ በእግር 5። በእጅ ሰዓት ሲለካ 95 ደቂቃ ነው። ሰልፉን በሁለት ስታባዙት 125 ይሆናል።

የሰውየው ገቢ በሰዓት 60 ብር ነው እንበል። የጉዞ ጊዜ ዋጋን ብዙዎች የሰዓት ገቢ ግማሽ አድርገው ይይዙታል። በደቂቃ 50 ሳንቲም ማለት ነው። 125 ደቂቃ 62.50 ብር ሆነ። ታሪፉ ሁለቱ ታክሲ ተደምሮ 30 ብር እንበል። አንዱ መንገድ 92.50፣ ደርሶ መልስ 185 ብር። በወር 26 ቀን ቢሠራ 4,810 ብር። ከዚህ ውስጥ ከኪሱ የሚወጣው 1,560 ብር ብቻ ነው። የቀረው ጊዜው ነው፣ ግማሽ ገደማው ደግሞ ቆሞ የጠበቀበት። በኪሎ ሜትር ብቻ የሚሰላ ሞዴል ይህን በፍጹም አያየውም።

ሦስት የአዲስ አበባ ጉድ እዚህ ላይ ጨምሩ።

አንደኛ፣ ማቆራረጥ። ማታ ሰው ሲበዛ አንዳንድ ታክሲ ሙሉ መንገዱን አይጭንም። ግማሽ መንገድ ጭኖ ያወርዳችሁና ከዚያ ሌላ ትይዛላችሁ። በምሳሌያችን 20 ብር የነበረው የጀሞ መንገድ 15 እና 15 ቢሆን፣ 10 ደቂቃ ሰልፍም ቢጨመር፣ ማታ ማታ 20 ብር ይጨምራል። በወር 520 ብር። ስለዚህ የጠዋቱንና የማታውን ወጪ በተለያየ ሴል ያዙ። ጠዋቱን በሁለት አባዝቶ የሚገላገል ሰው አይቻለሁ፤ ማታን አያውቃትም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እግር። ከአዲስ አበባ ጉዞ ግማሽ ገደማው በእግር ነው። ልደታ የሚኖር መርካቶ በእግሩ 25 ደቂቃ ቢሄድ ከኪሱ አምስት ሳንቲም አይወጣም። በጊዜ ብንተምነው በወር 650 ብር ነው። ለእያንዳንዱ የቀጠና ጥንድ የእግር፣ የታክሲና የአውቶቡስ ወጪ አስልታችሁ ትንሹን ውሰዱ። ባቡሩንም አትርሱ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ታሪፉ ዝቅተኛ ነው፤ የጥበቃ ጊዜውን ግን ከወረቀት ላይ ሳይሆን ጣቢያው ላይ ቁማችሁ ለኩ።

ሦስተኛ፣ ሰርቪስ። የመንግሥት ሠራተኛ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ሳይከፍል ይሄዳል። የኪስ ወጪው ዜሮ ነው፣ ግን ሰዓቱን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቤተሰቦችን ቢያንስ በሦስት ክፈሉ፦ የመንግሥት ደሞዝተኛ፣ በግል የሚሠራና የሚነግድ፣ መኪና ያለው። ሦስቱ አንድን ሰፈር በአንድ ዓይን አያዩትም።

5. ኪራይ መሰብሰብ

ደላላ ወዳጅ አድርጉ። ቴሌግራም ላይ ያለው ማስታወቂያ ይረዳል፣ ግን የተጠየቀው ዋጋ እንጂ የተከፈለው አይደለም። ደላላ የተከፈለውን ያውቃል፣ ኮሚሽኑ ከእሱ ስለሚቆረጥ።

ከየቀጠናው ቢያንስ አሥር ቤት ጻፉ። ስፋት በካሬ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ቆጣሪው ለብቻው ነው ወይ። ውሉ መቼ እንደተፈረመ የግድ ይጠየቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያደርጋል፤ ጭማሪውንም መንግሥት ይወስናል። ስለዚህ የቆየ ውል ላይ ያለው ኪራይ ዛሬ ገበያው የሚለውን አይነግራችሁም። አዲስ ውሎችን ብቻ ለስሌቱ ተጠቀሙ።

የቀበሌ ቤት ኪራይ በዚህ ሺት ውስጥ አይገባም። ሌላ ሺት ክፈቱለት። አንድ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ልጅ የአራዳን አማካይ ኪራይ ሲያሰላ የቀበሌውንም ከገበያው ጋር ደምሮት፣ መሀል ከተማ ከሳሪስ ይረክሳል የሚል ግራፍ አወጣ። ግራፉ ያምር ነበር።

6. ልደታና ጀሞ

አሁን ግድግዳው ላይ ያለችውን መስመር መሞከሪያ ጊዜ ነው። ዕድለኞች ነን፤ ልደታም ጀሞም ኮንዶሚኒየም አለ። ቤቱ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል፣ የሚለየው ቦታው ነው። ይህን የመሰለ ንጽጽር ሌላ ከተማ ብትፈልጉ በቀላሉ አታገኙም።

መርካቶ ለሚሠራ አንድ ሰው የጀሞ ጉዞ 4,810 ነበር፣ የልደታ 650። ልዩነቱ 4,160 ብር። ቤቱ 45 ካሬ ከሆነ በካሬ 92 ብር ገደማ ነው። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ቤት ከሆነ 185 ገደማ። ደላላው የሰጣችሁ ቁጥር ልደታ ከጀሞ በካሬ ስንት እንደሚበልጥ ይነግራችኋል። ከ92 በጣም ካነሰ፣ ወይ ሰው ጊዜውን ከገመታችሁት በታች ይተምናል፣ ወይ የጀሞ ሰው አብዛኛው መርካቶ አይሠራም። የጊዜ ዋጋውን ከግማሽ ወደ ሩብ አውርዳችሁ ድገሙት። በሩብ የሚገጥም ከሆነ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ ሩብ ያዙ። እንደየቀጠናው መቀያየር ማጭበርበር ነው።

ከዚያ ሁሉንም ቀጠና አስገቡ። በአንዱ ረድፍ የካሬ ኪራይ፣ በሌላው የጉዞ ወጪ፤ ወጪው ከአምስቱ የሥራ ማዕከላት እንደየክብደታቸው የተመዘነ ነው። የኤክሴልን የስሎፕ (SLOPE) ፎርሙላ ተጠቀሙ፤ ጉዞ አንድ ብር ሲጨምር የካሬ ኪራይ በስንት እንደሚቀየር ይነግራችኋል። ቁጥሩ ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ከወጣ መጀመሪያ የቀበሌ ቤት ተደባልቆ እንደሆነ እዩ።

7. ቤት የሚጨመረው የት ነው?

የውጭ ሞዴሎች ዋጋ ሲወጣ ፎቅ ይወጣል ይላሉ። እዚህ እንደሱ ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የት እንደሚሠራ የሚወስነው መንግሥት ነው፣ ዋጋው አይደለም። ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ቀጠናዎችን የቤት ብዛት የተወሰነ ቁጥር አድርጋችሁ እሰሩት። የግል አልሚ ያለበት ቀጠና ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ ቦሌ፣ ቁጥሩ ከኪራይ ጋር እንዲያድግ ፍቀዱ። ሰሜኑን እንጦጦ ይዘጋዋል፣ ደቡብ ምሥራቁን የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይቆርጠዋል፣ ወንዝ ዳሩም አለ። ቤት የማይሠራበትን ከቀጠናው ስፋት ላይ ቀንሱ።

8. ማስኬድ

እያንዳንዱ የቤተሰብ ዓይነት የት ይገባል? ለየቀጠናው ኪራይና ጉዞን ደምሩ። ድምሩን በሺህ ብር አድርጉት። የመቀነስ ምልክት ስጡትና ኤክስፖነንሻል (በኤክሴል EXP) ውሰዱ። ከዚያ የየቀጠናውን ውጤት ለጠቅላላ ድምሩ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ከመቶ ስንቱ ቤተሰብ ያንን ሰፈር እንደሚመርጥ ይነግራችኋል። ርካሹ ብዙ ሰው ያገኛል፣ ውዱም ግን ባዶ አይቀርም። የቀበሌ ቤት ያላቸውን ካሉበት አታንቀሳቅሷቸው፤ ከምርጫው ውጭ ናቸው።

ቀጥሎ ወረፋው ነው። አንድ ቀጠና 10,000 ቤት ኖሮት 12,000 ቤተሰብ ከመረጠው ኪራዩን 2 በመቶ ከፍ አድርጉ። ባዶ ቤት የበዛበትን 2 በመቶ ዝቅ። እንደገና አስሉ። ለውጡ እስኪጠፋ ድገሙት። ኪራዩ አንዴ ወጣ አንዴ ወረደ እያለ አልረጋ ካለ 2ን ወደ 1 ዝቅ አድርጉት። ቡና እየጠጣችሁ የሚሠራ ሥራ ነው።

9. ማጣራት

ሞዴሉ ያወጣውን ኪራይ ከደላላው ኪራይ ቀንሱ። ቦሌ ላይ ደላላው ይበልጣል፤ ሰው እዚያ ለጉዞ ብቻ አይከፍልም። ይህን ትራፊ "የሰፈሩ ጥራት" ብላችሁ አትሰይሙት። የእናንተ የመለካት ስህተትም እዚያው ውስጥ ተደብቋል። "ያልገባኝ" በሉት። ያልገባኝ በጣም የበዛበት ቀጠና ካለ ላፕቶፑን ዝጉና ሂዱ። እኔ እንዲህ ብዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሄጄ ማታ ተሰልፌያለሁ። ደላላው ልክ ነበር።

10. ጥያቄውን መመለስ

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አንድ ብቻ። ለምሳሌ ከዶሮ ማነቂያ የተነሣ ቤተሰብ ኮዬ ፈጬ ገባ። የድሮው ኪራዩን ከቀበሌው ሺት ውሰዱ፣ የአዲሱን ቤት የወር ክፍያ አስገቡ፣ ጉዞውን ለሁለት ሠራተኛ አስሉ። ቤቱ ሊሻል ይችላል፤ ውኃና የግል ሽንት ቤት አግኝቷል። ያንንም ከደላላው መረጃ ላይ በብር ተምኑት፤ የጋራና የግል ሽንት ቤት ያላቸው ቤቶች ኪራይ ልዩነት አላችሁ።

በዚህ ሺት ላይ ግን አንድ ረድፍ ጨምሩ። ስሙን "ሰፈር የሚያበላ" በሉት። ፒያሳ በር ላይ ቆሎና ሻይ የምትሸጥ እናት የጉዞ ወጪዋ ዜሮ ነበር፣ ምክንያቱም ሥራዋ በሯ ላይ ነበር። አዲሱ ሰፈር የሚያልፍ ሰው ከሌለ የምታጣው የታክሲ ብር አይደለም፣ ገቢዋን ነው። ሥራ ፈላጊ ልጅ ካላትም አራት ኪሎ ያለውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ በእግሩ ሄዶ ያነብ ነበር፤ አሁን ሰሌዳውን ለማየት ብቻ ይከፍላል። አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ሙከራ ዳር ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ ሲሰጣቸው አጥብቀው ፈልገዋል፣ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨምሯል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ የሜክሲኮን ሰልፍ ሴል ፈልጉ። በምሳሌያችን የመርካቶው ሠራተኛ ማታ ወደ ጀሞ ሲመለስ ሜክሲኮ ላይ 20 ደቂቃ ይሰለፋል። 10 አድርጉት። በሁለት ሲባዛ 20 ደቂቃ ተረፈ፣ በደቂቃ 50 ሳንቲም 10 ብር፣ በ26 ቀን 260 ብር። ለ45 ካሬ ቤት በካሬ 6 ብር ገደማ። ትንሽ ትመስላለች። ጀሞ ባለው ቤት ብዛት ስታባዙት ግን ጥቂት ተጨማሪ አውቶቡስ ማታ ማታ ምን እንደሚያወጣ ታያላችሁ። ከዚያ ስምንተኛውን ደረጃ እንደገና አስኪዱትና ከዚያ ብር ስንቱ ተሳፋሪው ኪስ እንደቀረ፣ ስንቱ በኪራይ ጭማሪ ለአከራዩ እንደሄደ ተመልከቱ።